ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው፦ ዶሮና አትክልት በአንድ ትሪ

እኔና ባለቤቴ በደንብ የምንተያየው ቅዳሜና እሁድ ነው። እኔ የጠዋት ፈረቃ ነኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ገብቼ 9 ሰዓት እወጣለሁ። እሷ የምትገባው እኔ ስወጣ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የልጆቹ እራት የኔ ነው። ደሴ ሳድግ ማጀት ብቅ ባልኩ ቁጥር “ውጣልኝ አንተ፣ ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?” እየተባልኩ ስለሆነ ሽንኩርት መክተፍ የተማርኩት በ34 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ መጥቼ። ጣቴ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ምስክር ናቸው።

ይህን አሠራር ያገኘሁት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከፊሊፒንስ የመጣች ናት። የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ክፍሉ በመዓዛው ይሞላል። ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ መሐሉ ላይ የተቆራረጠ የአሳማ ሥጋ። እንዴት ነው የምትሠሪው ስላት፣ “ሁሉንም ትሪ ላይ፣ ትሪውን ኦቨን ውስጥ” አለችኝና መብላቷን ቀጠለች። አሳማ እኛ ቤት አይገባም። ሥጋውን በዶሮ ታፋ ቀየርኩትና አሠራሩን ወሰድኩ።

ያን ያህል ቀላል ግን አልነበረም። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጥብስ ብዬ ቅቅል አበላኋቸው፤ ትሪውን እስከ አፉ ሞልቼው፣ ዶሮውንም ከነውሃው ወርውሬው ነበር። በሁለተኛው ቀን “ምነው ቅመም አነሰው” ብዬ ዶሮውን ከመጀመሪያው በበርበሬ ለውሼ አስገባሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ልጆቹ ሳሉ፣ ጎረቤት በር አንኳኳ። በርበሬው ከሰል ሆኖ መርሮ ነበር። ከነዚህ ሁለት ቀናት የተማርኩትን ሁሉ እዚህ አስገብቼዋለሁ።

ለአራት ሰው ስድስት የዶሮ ታፋ ይበቃል፤ አጥንቱም ቆዳውም ያልወጣለት፣ በጠቅላላው አንድ ኪሎ ገደማ። አከፋፈሉ እኛ ቤት እንዲህ ነው፦ ለኔ አንድ፣ ለሴቷ ልጄ አንድ፣ ለወንዱ ሁለት (አስራ አምስት ዓመቱ ነው)፣ ለባለቤቴ አንድ፣ አንዱ ለነገ። ደረቱን አትግዙ አልልም፤ ግን ደረት ቶሎ ይደርቃል፣ አምስት ደቂቃ ቢያልፈው ጥጥ ነው የምታኝኩት። ታፋ ግን ብትረሱትም ይቅር ይላል። ዋጋውም ይረክሳል። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የፈረንጅ ዶሮ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ የሷ ቦታ ድስት ውስጥ፣ ቁሌት መሐል፣ በረጅም ሰዓት ነው።

ከአትክልቱ ሁለት መካከለኛ ድንች፣ ሦስት ካሮት፣ የትንሽ ጥቅል ጎመን ግማሹ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ቃሪያ። ድንቹን በስኳር ድንች መለወጥ ይቻላል። ቀይ ሥርም ይሆናል፣ ግን ጎረቤቶቹን ሁሉ ያቀላል፤ ቀለሙ ካስጠላችሁ ጥግ ላይ ለብቻው አስቀምጡት። ፎሶሊያ የምትጨምሩ ከሆነ በመጨረሻው 15 ደቂቃ። ቲማቲም አታስገቡ፤ ውሃ ነው።

ከቅመሙ የጥብስ ቅጠል ሁለት ዘለላ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ ቁንጥር ኮረሪማ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ለጎመኑና ለበርበሬው ደግሞ ለብቻ ትንሽ። ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ለሁሉም፣ አንዱ ለዶሮው፣ ግማሹ ለአትክልቱ። በርበሬው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለብቻው ይቆይ። ሎሚም ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚያጣላው ጉዳይ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ዶሮው ላይ አርፎ ሲረጭ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን ጀርሞች ማጠቢያው ዙሪያ፣ ሰላጣው ላይ፣ ታጥቦ የተደረደረው ሳህን ላይ ያደርሳቸዋል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ እንጂ ውሃው አይደለም። ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” ስላት፣ “ሳይታጠብ? በሎሚ ሳይታሽ? ለልጆቹ?” አለችኝ። ውሃው ጥርት እስኪል ዶሮ ሰባት ስምንት ጊዜ የምታጥብ ሴት ናት፤ ከዚያ በኋላ ባወራን ቁጥር ሳትጠይቀኝ አትዘጋም።

በሥራዬ በኩል ሆኜ ስናገር አለማጠቡ ይሻላል። የእናቴ ልጅ ሆኜ ደግሞ አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ያገኘኋት መሐል መንገድ ይህች ናት፦ ጥልቅ ሳህን ውስጥ ውሃ፣ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አድርጌ ታፋዎቹን ቀስ ብዬ አስገባቸዋለሁ፣ ሳላንቦጫርቅ አሸት አሸት አደርጋለሁ፣ አወጣቸዋለሁ። ቧንቧ የለም። ውሃውን ማጠቢያው ውስጥ ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ እደፋና ማጠቢያውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። እጅም እንደዚያው። አትክልቱ ከዶሮው በፊት ተከትፎ ማለቅ አለበት፤ አንድ መክተፊያ ብቻ ካላችሁ በተለይ።

ታጠበም አልታጠበም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አትዝለሉ። እያንዳንዱን ታፋ በወጥ ቤት ሶፍት አድርቁት። ከላይ፣ ከታች፣ ከቆዳው ሥር። ሶፍቱ እርጥብ ሆኖ ከመጣ በሌላ ድገሙት። ጣታችሁን ቆዳው ላይ ስታሳልፉት ማንሸራተቱን ትቶ ያዝ ሲያደርግ ደርቋል ማለት ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ውሃ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ ቆዳው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ኦቨኑ 220 ቢሆንም ቆዳው ከመቶ ብዙም አያልፍም። ሥጋ ቀላ ማለት የሚጀምረው ደግሞ 140 አካባቢ ነው። የኔ የመጀመሪያው ቀን ዶሮ ነጭ ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው። ማታ ካስታወስኩ ጨው ነስንሼበት ሳልከድን ፍሪጅ ውስጥ፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ቆዳው ብራና ይመስላል። ይህ ሲሆን የሚወጣው ኩርሽምታ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አላስታውስም።

ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ኦቨኑን 425 ፋራናይት ላይ እለኩሳለሁ፤ በሴልሺየስ 220 መሆኑ ነው። ትሪው ባዶውን አብሮ ውስጥ ገብቶ ይግላል። ኦቨናችሁ ማራገቢያ ያለው ከሆነ ወደ 400 ዝቅ አድርጉት። የኔ ትሪ 46 በ33 ሳንቲሜትር ነው፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ። ጠርዙ ከፍ ያለ የላዛኛ ዕቃ እንፋሎቱን ይይዝባችኋል።

እስኪግል ድረስ አትክልቱን እከትፋለሁ። ድንቹ ሁለት ጣት ውፍረት፣ ካሮቱ ትንሽ ቀጠን ብሎ በሰያፍ። ሽንኩርቱ አራት ቦታ፣ ሥሩ ሳይቆረጥ፣ እንዳይበታተን። ነጭ ሽንኩርቱን አልልጠውም፤ ራሱን በወገቡ ለሁለት ቆርጬ ቁራጩን ወደ ታች አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ሲበስል ተጭናችሁት እንደ ቅቤ ይወጣል።

ጥቅል ጎመኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ጥቅል ጎመንን የምናውቀው በአልጫ ነው፤ ከካሮትና ከድንች ጋር ልሞ፣ ቅርጹ ጠፍቶ። እዚህ ግን ግማሹን ጎመን እምብርቱን ሳታወጡ አራት ቦታ ትሰነጥቁታላችሁ፣ እንደ ሐብሐብ። እምብርቱ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ዘይት በእጃችሁ ቀቡት፣ በቅጠሎቹ መሐል ጭምር፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። ኦቨኑ ውስጥ ውጪው ይጠቁራል፣ ጫፎቹ እንደ ወረቀት ይደርቃሉ፣ ውስጡ ግን ይለሰልስና ይጣፍጣል። እንዲህ የወጣልኝ ቀን ተቃጠለብኝ ብዬ ጫፉን ልጥል ስቆርጥ ሴቷ ልጄ “አባዬ፣ የጠቆረውን ለኔ” አለችኝ። አሁን ልጆቹ እርስ በርስ የሚጣሉት በዶሮው ሳይሆን በሱ ነው።

ኦቨኑ ሲደርስ የጋለውን ትሪ አውጡት። እጃችሁን ጠብቁ፤ ባዶ ስለሆነ ቀዝቃዛ ይመስላል። ድንቹንና ካሮቱን ከአንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት ጋር ለውሳችሁ ትሪው ላይ ስትበትኑት ጭስስ ማለት አለበት። ዝም ካለ ገና ነው። ለብቻቸው አስር ደቂቃ ይቆዩ፤ እነሱ ከሁሉም ዘግይተው የሚበስሉ ናቸው። በዚያች አስር ደቂቃ የደረቀውን ዶሮ በቀረው ዘይት፣ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ አሹት።

አስር ደቂቃው ሲሞላ ድንቹን ወደ ዳር ገፋ አድርጋችሁ ዶሮውን መሐል ደርድሩ፣ ቆዳው ወደ ላይ። ጎመኑ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው በየክፍተቱ። የጥብስ ቅጠሉን ከዶሮው ሥር ሸጉጡት፤ ከላይ ከሆነ ያርራል። በየመሐሉ የትሪው ብረት መታየት አለበት። አትክልቱ ተደራርቦ ብረቱ ከተሸፈነ ያው ቅቅል ነው፤ ሁለተኛ ትሪ አውጡ። እኔ በስስት ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ። ፎይልም አታልብሱት።

ከዚህ በኋላ 25 ደቂቃ ሥራ የለባችሁም። እኔ ገላዬን እታጠባለሁ፣ የልጁን ሒሳብ አያለሁ፤ ሒሳቡ ከዶሮው ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሐል ላይ፣ ድንቹን ገልበጥ ገልበጥ አደርገዋለሁ። ዶሮው አይነካም።

በርበሬው አሁን ነው የሚመጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በአንድ ማንኪያ ዘይትና በግማሽ ሎሚ ጭማቂ በጥብጡ፤ ቀጠን ያለ አዋዜ ይመስላል። በርበሬውን ግን ዶሮውን በጨው ከማሸታችሁ በፊት ቅመሱት። ብዙ በርበሬ ጨው ተጨምሮበት ነው የሚፈጨው፤ የናንተ እንደዚያ ከሆነ ከዶሮው ጨው ላይ ቀንሱ። ትሪውን አውጥታችሁ በማንኪያ ጀርባ የዶሮውን ቆዳ፣ የተረፈውን ደግሞ ካሮቱን ቀቡትና ለ8 ደቂቃ መልሱት። በርበሬ ደርቆ ተፈጭቶ ያለቀ ነገር ስለሆነ በ220 ዲግሪ ብዙ አይቆይም። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሽታው ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠልቃል፣ አይመርም። ድስት ላይ ቁሌት ስንሠራ ጠብ ጠብ እያደረግን ውሃ የምንጨምርለት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መብሰሉን በዓይን አትመኑ። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ትንሿ ትበቃለች። ወፍራሙ ቦታ ላይ ውጓት፣ አጥንት ሳትነካ። ዶሮ ለጤና የሚያሰጋ የማይሆነው 165 ፋራናይት ሲደርስ ነው፣ 74 ሴልሺየስ። ታፋ ግን እዚያ ላይ ገና ጎማ ጎማ ይላል። ጅማቱ የሚለሰልሰው ከዚያ በላይ ስለሆነ እኔ የማወጣው 180 አካባቢ ነው፣ 82 ሴልሺየስ። አልደረሰ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት።

ሁሉንም ወደ ሰፊ ሳህን ካነሳችሁ በኋላ ትሪውን ወደ ማጠቢያ አታስገቡት! ሥሩ ላይ የተጣበቀው ቡናማ ነገር የቀኑ ምርጥ ነው። ሩብ ኩባያ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ በእንጨት ማንኪያ ፈግፍጉት፣ የቀረውን ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት። የለሰለሰውን ነጭ ሽንኩርት ከልጣጩ አውጥታችሁ እሱ ውስጥ ዳጡት። ጾም ካልሆነና ሆዳችሁ ከፈቀደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ይህን መረቅ ዶሮው ላይ አታፍስሱት፣ ቆዳው ይርሳል፤ አትክልቱ ላይ አድርጉት።

ስለ ጤናው። ባለፈው ዓመት ሐኪሜ “ስኳርህ ድንበሩ ላይ ነው” ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እንጀራው ነበር። እንጀራ አልተውኩም። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር የሚለውን የሳህን አከፋፈል ነው የያዝኩት፦ 23 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን፣ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ድንች ወይም ሩዝ። ድንች አትክልት ውስጥ አይቆጠርም፣ ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ በራሴ ላይ ቀልጃለሁ። ድንቹን ከበላሁ እንጀራ የለም፤ እንጀራ ካማረኝ ትሪው ላይ በድንች ፈንታ ካሮትና ጎመን ይበዛል። ጨውን በተመለከተ፣ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ጣሪያ 2,300 ሚሊግራም ሶዲየም ነው፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማለት ነው። የኛ አንድ ተኩል ማንኪያ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 860 ሚሊግራም አካባቢ ይደርሳል፣ በርበሬው ውስጥ ያለውን ሳይጨምር። ግፊት ያለበት ሰው ግማሹን ጨው ትቶ ሎሚውን ያብዛ።

ረቡዕና ዓርብ ዶሮው ይቀርና በቦታው የተቀቀለ ሽንብራና እንጉዳይ ይገባል። ሽንብራውን አድርቁት፤ አለበለዚያ አይቆላም። እንጉዳዩ ውሃ ስለሚያወጣ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

አሳማ የምትበሉ፣ የባልደረባዬን አሠራር ልንገራችሁ፦ አንድ ፓውንድ ገደማ የሚመዝን ሽንጥ፣ በዚሁ 425 ላይ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ስለዚህ ድንቹና ካሮቱ በብዙ ደቂቃ ይቅደሙት። ድሮ እስከ 160 ፋራናይት ይብሰል ይባል ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ ግን ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ የሚመከረው 145 ነው፣ 63 ሴልሺየስ፣ አውጥቶ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ተጨምሮ። ለበግ ጎድንም ቁጥሩ ያው ነው። የበግ ወርች ግን ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ሰዓታት ይፈልጋል፣ እሁድ ነው የሚሠራው።

የባለቤቴ ድርሻ በረድ ሲል ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቀመጥም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ስትገባ ማይክሮዌቭ ውስጥ ካስገባችው ቆዳው እርጥብ ጨርቅ ይሆናል፤ ስለዚህ መጥበሻውን ምድጃው ላይ ትቼላት እተኛለሁ። ቆዳው ወደ ታች፣ መካከለኛ እሳት፣ ክዳን ሳይገጥም፣ ውስጡ በደንብ እስኪግል።

ስድስተኛው ታፋ የማግስቱ ምሳ ነው። አጥንቱን አወጣለሁ፣ ሥጋውን በእጄ እበጣጥሳለሁ። የተረፈውን መረቅ ከአንዲት ማንኪያ በርበሬና ከትንሽ ውሃ ጋር አፈላዋለሁ፣ የደረቀ እንጀራ ቆራርሼ አስገባለሁ፣ ሥጋውን ከላይ። ምሳ ክፍል ስከፍተው ባልደረባዬ አንገቷን ሰገግ አድርጋ “ያ ደግሞ ምንድን ነው?” አለችኝ። “ያንቺው ትሪ ነው” አልኳት። በማንኪያ ቀመሰችና ሽንጡን በዚህ በርበሬ ልሥራው ብላ አንድ ከረጢት አምጣልኝ አለችኝ፤ ዓርብ ወሰድኩላት። በመጨረሻው ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀቢው ብዬ ከረጢቱ ላይ ጽፌበታለሁ።